እውነተኛው 500 ኢ በምን ይታወቃል?

በመርሴዲስ የኋላ ኮፈን ላይ የምትለጠፈው «500 ኢ» የምትል ጽሑፍ በጥቂት ዩሮ ትገዛለች። ለመለጠፍም መካኒክ አያስፈልግም፤ የቀድሞውን ነቅሎ፣ ቦታውን አጽድቶ መጫን ነው። ጽሑፏ የምትወክለው መኪና ግን ዛሬ በአውሮፓ ገበያ በዚያው ዓመት ከተመረተው ተራ ወንድሙ ብዙ እጥፍ ይጠየቅበታል። ሁለቱም «ደብሊው 124» በሚባለው የመርሴዲስ ትውልድ ውስጥ የተሠሩ ባለ አራት በር የቤት መኪናዎች ናቸው፤ ተራው ወንድም በጀርመን ከተሞች ለዓመታት ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ነው። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ዋጋቸው አይገናኝም። እንዲህ ያለ ክፍተት ባለበት ገበያ ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ መኪና ጉዳይ ጥምጣሟ ያች ጽሑፍ ናት፤ ትምህርቱ ያለው ብረቱ ውስጥ ነው። 500 ኢን ከወንድሞቹ የሚለዩት ዋና ዋና ነገሮች የምሕንድስና ችግር ሲፈታ የቀሩ አሻራዎች ናቸው። አንዱ መፍትሔ ሌላ ችግር ወልዷል፣ ያም በተራው ሌላ ለውጥ አስከትሏል። ስለዚህ መኪናውን ለመለየት የምልክት ዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ ለምን እንዲያ ሆኖ እንደተሠራ ማወቅ ይበልጥ ያዋጣል። ምክንያቱን የሚያውቅ ገዢ የጎደለውን ቶሎ ያያል።

ትልቅ ሞተር በመካከለኛ መኪና

በ1988 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሙኒኩ ተፎካካሪ ቢኤምደብሊው ባለ 315 ፈረስ ጉልበት አዲስ ኤም 5 ይዞ ብቅ አለ። መርሴዲስ በመካከለኛ መኪናዎቹ ተርታ ይህን የሚመክት አልነበረውም። በእጁ የነበረው ለ500 ኤስኤል የስፖርት መኪና የሚያዘጋጀው ኤም 119 የተባለ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበር። ይህን ሞተር በደብሊው 124 አካል ውስጥ የማስገባቱን ሥራ በዚያው ዓመት ለጎረቤቱ ለፖርሽ በኮንትራት ሰጠ። ሁለቱም ኩባንያዎች የሽቱትጋርት ልጆች ናቸው። ፖርሽ በዚያ ዘመን ሽያጩ ክፉኛ ያሽቆለቆለበት ስለነበር ሥራው የመጣለት በጥሩ ጊዜ ነው።

የሞተሩን ትልቅነት ማንም በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው ይችላል። የአንዱ ሲሊንደር ስፋት 96.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት ደግሞ 85 ሚሊ ሜትር። የስፋቱን ግማሽ በራሱ አባዝተን፣ ውጤቱን በ3.1416፣ ከዚያም በ85 ብናባዛው የአንዱ ሲሊንደር ይዘት ወደ 621.7 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በስምንት ሲባዛ 4,973 ይሆናል፤ ማለትም አምስት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። «500» የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ አለው፣ በድምሩ 32። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞተሩ 326 ፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ የጭስ ልቀትን ለመቀነስ፣ ማፍጠኛው እስከ ጥግ ሲረገጥ ይጨመር የነበረው ትርፍ ቤንዚን ስለቀረ ጉልበቱ ወደ 320 ወረደ። ስለዚህ የመኪናው ወረቀት 320 ቢል የጠፋ ነገር የለም፤ የዘመኑ ምልክት ነው።

መኪናው በጥቅምት 1990 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ታየ፤ ለገዢዎች መድረስ የጀመረው በ1991 ነው። ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ስድስት ሰከንድ አካባቢ ይበቃዋል። ከፍተኛ ፍጥነቱ 250 ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የሚገታው የሞተሩ አቅም ሳይሆን የጀርመን አምራቾች በዚያ ዘመን የተስማሙበት የኤሌክትሮኒክስ ገደብ ነው።

የሰፋው ፓራፋንጎ

ፍጥነት ሲጨምር መኪናው የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። በ250 የሚበር መኪና በ100 ከሚሄደው ሁለት ተኩል እጥፍ ይፈጥናል፤ የሚሸከመው ጉልበት ግን ስድስት እጥፍ ከሩብ ነው። ያ ሁሉ ጉልበት ሲቆም በፍሬኑ ዲስክ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 1.7 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና ከ250 ሲቆም አራት ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት መበተን አለበት። የተራው ደብሊው 124 ፍሬን ለዚህ አልተሠራም። የፖርሽ መሐንዲሶች ፍሬኑንና የጎማ ተሸካሚ ክፍሎቹን ከ500 ኤስኤል ወሰዱ።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የኤስኤሉ ክፍሎች ሰፊ ናቸው። ጎማውም ሰፋ፤ ተራው ደብሊው 124 በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ባለ 195 ጎማ ሲያደርግ፣ 500 ኢ በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ ባለ 225 ያደርጋል። ሰፊው ጎማ ከመደበኛው ፓራፋንጎ ስር አይገባም። ስለዚህ ፓራፋንጎዎቹ በአዲስ ቅርጽ ተቀጥቅጠው ወደ ውጭ ተነፉ፤ የመኪናው ወርድ በ56 ሚሊ ሜትር ጨመረ፣ ቁመቱም በ23 ሚሊ ሜትር ወደ መሬት ዝቅ አለ። ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሰፋው አካል በሲንደልፊንገን ባለው የመርሴዲስ የምርት መስመር ውስጥ ማለፍ አልቻለም።

መፍትሔው ያልተለመደ ነበር። መርሴዲስ የአካሉን ክፍሎች ከሲንደልፊንገን ወደ ፖርሽ ፋብሪካ ወደ ትሱፈንሀውዘን ይልካል። ፖርሽ አዲሶቹን ፓራፋንጎዎች ጨምሮ አካሉን ይገጣጥማል። አካሉ ተመልሶ ወደ ሲንደልፊንገን ይሄድና ቀለም ይቀባል። እንደገና ወደ ትሱፈንሀውዘን ይመጣና ሞተሩና የቀረው ሁሉ ይገባለታል። በመጨረሻ ለፍተሻና ለርክክብ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ መርሴዲስ ይመለሳል። አንዱን መኪና ለመጨረስ 18 ቀን ይወስድ ነበር። ምርቱ በ1995 ሲያበቃ ከፖርሽ ፋብሪካ 10,479 መኪናዎች ወጥተዋል።

ለገዢው የሚጠቅመው ትምህርት ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው ፓራፋንጎው ነው፤ ከፊትም ከኋላም ከጎማው በላይ ያበጠ መሆን አለበት፤ እብጠቱም ከላሜራው ጋር አንድ ሆኖ የወጣ እንጂ የተቀጠለ መምሰል የለበትም። ፓራፋንጎው ብረት ስለሆነ ማግኔት ይስባል። በፋይበር ግላስ ወይም በወፍራም ስቱኮ ተሠርቶ ከሆነ ማግኔቱ ይንሸራተታል። የጉም መብራቶቹ ከፊት ፓራውልት በታችኛው ጥግ ላይ ናቸው፤ በተራው ደብሊው 124 ግን ከዋናው መብራት ጋር አንድ ላይ ነው የሚገኙት።

ውስጡ የሚናገረው

ከውጭ ያለውን ለማስመሰል ገንዘብ ያለው ሰው ይችላል። የውስጡ ይከብዳል። ከሞተሩ የሚወጣውን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ትልቅ ሆነ፤ በመሆኑም ከኋላ መካከለኛ መቀመጫ የሚሆን ቦታ አልቀረም። ስለዚህ 500 ኢ የአራት ሰው መኪና ነው፤ ከኋላ ሁለት የተለያዩ መቀመጫዎች አሉት፣ በመካከላቸው ደግሞ የዕቃ ማስቀመጫ። «500 ኢ» ተብሎ የቀረበ መኪና ከኋላ ለሦስት ሰው የተዘጋጀ ወንበር ካለው ቢያንስ ወንበሩ ተለውጧል፤ ምናልባትም መኪናው ራሱ ሌላ ነው።

ባትሪውስ የት አለ? በተራው ደብሊው 124 ከፊት ኮፈን ስር ነው። በ500 ኢ ግን ከፊት ያለውን ክብደት ለማቃለል ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛው ቀኝ በኩል ሄዷል። ይህ ለመፈተሽ ቀላል ነው፤ የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ምንጣፉን ማንሣት ይበቃል። ለአስመሳዩ ግን ከባድ ነው፤ ከኋላ እስከ ሞተሩ ድረስ ወፍራም ገመድ መዘርጋት፣ ወለሉን መብሳት ይጠይቀዋል።

ብዙ ጊዜ 500 ኢ ተብሎ የሚሸጠው መኪና 400 ኢ የተባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። እሱም ባለ ስምንት ሲሊንደር ኤም 119 አለው፤ ይዘቱ ግን 4.2 ሊትር ነው። ፖርሽ አልገጣጠመውም፣ ፓራፋንጎው አልሰፋም፣ የተሠራው በተለመደው የመርሴዲስ መስመር ላይ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ሞተሮች መንትያ ይመስላሉ። ደላላ የሚጫወተውም በዚህ መመሳሰል ነው።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። በ1993 አጋማሽ መርሴዲስ የመኪናዎቹን አጠራር ለወጠ፤ 500 ኢ የነበረው «ኢ 500» ሆነ። በዚያው ጊዜ የፊቱ መልክ ታደሰ፤ ፍርግርጉ ከኮፈኑ ጋር አንድ ሆኖ ተሠራ፣ ኮከቡም ከፍርግርጉ ላይ ወደ ኮፈኑ ተዛወረ። የ1992 መኪና አዲሱን ፊት ይዞ ከተገኘ ወይ ተጋጭቶ ተጠግኗል፣ ወይ ባለቤቱ ወጣት ሊያስመስለው ፈልጓል። ሁለቱም ዋጋ ይቀንሳሉ።

አሥራ ሰባቱ ፊደላት

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ስም ለማዛወር ሲሄድ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር እንደሚመሳከር ያውቃል። ያ የሻንሲ ቁጥር በዓለም አቀፍ ደረጃ 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ነው። የላቲኖቹ አይ፣ ኦ እና ኪው አይገቡበትም፤ ምክንያቱም ከ1 እና ከ0 ጋር ይምታታሉ።

ለአውሮፓ የተሠራ 500 ኢ ቁጥሩ «ደብሊው፣ ዲ፣ ቢ» በሚሉ ሦስት ፊደላት ይጀምራል፤ እነዚህ አምራቹን ይነግራሉ። ቀጥሎ 124 ይመጣል፣ ትውልዱን የሚያመለክተው። ከዚያ 036። ዋናው ነገር እነዚህ ሦስት አኃዞች ናቸው። 400 ኢ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ 034 ይጻፋል። አሥረኛው አኃዝ 1 ከሆነ መሪው በግራ፣ 2 ከሆነ በቀኝ ነው። ከዚያ የፋብሪካው ፊደል፣ በመጨረሻም ስድስት አኃዝ ያለው ተራ ቁጥር ይከተላል። ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ አጻጻፉ ይለያል፤ ከሦስቱ ፊደላት በኋላ «ኢ፣ ኤ» ብሎ 36 ይላል። 400 ኢ ከሆነ 34 ነው። የሚገርመው፣ መኪናው በፖርሽ አዳራሽ ቢገጣጠምም ቁጥሩ ስለ ፖርሽ አንድም ፊደል የለውም። በወረቀት የመርሴዲስ ልጅ ነው።

የአሜሪካው ቁጥር ራሱን የሚፈትሽበት ብልሃት አለው። እያንዳንዱ ፊደል በአኃዝ ይተካል፤ እያንዳንዱ አኃዝ እንደ ቦታው ከ2 እስከ 10 ባለ መጠን ይባዛል፤ ውጤቱ ሁሉ ተደምሮ ለ11 ይካፈላል። ቀሪው ዘጠነኛው ቦታ ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት፤ ቀሪው 10 ከሆነ «ኤክስ» ይጻፋል። አንድ አጭበርባሪ ከመጨረሻው ሦስተኛውን አኃዝ ከ3 ወደ 8 ቢለውጠው ምን ይሆናል? ያ ቦታ በ4 ይባዛል። ልዩነቱ 5 ስለሆነ ድምሩ በ20 ይጨምራል፤ 20 ለ11 ሲካፈል 9 ይተርፋል። የፍተሻው አኃዝ ወዲያው ይከዳዋል። 11 የተመረጠው ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ስለሆነ ነው፤ ከ10 የማይበልጡ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው በ11 ያለ ቀሪ የሚካፈል ውጤት አይሰጡም። ስለዚህ አንድን አኃዝ በሌላ አኃዝ መለወጥ ሁልጊዜ ይታወቃል። ለአውሮፓ የተሠሩት መርሴዲሶች ይህ መከላከያ የላቸውም፤ ለእነሱ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የሻንሲ ቁጥሩ የተቀጠቀጠው ከሞተሩ በስተኋላ ባለው የግድግዳ ላሜራ ላይ ነው። ቁጥር በብረት ላይ ሲቀጠቀጥ የሚለወጠው የላይኛው ገጽ ብቻ አይደለም፤ ከስሩ ያለው የብረት ቅንጣት አሰላለፍም ይጨመቃል። አጭበርባሪ ቁጥሩን በሞረድ ቢፍቀው እንኳ የተጨመቀው ክፍል ከስር ይቀራል። የፖሊስ መርማሪዎች ተስማሚ አሲድ ሲቀቡት የተጨመቀው ብረት ካልተጨመቀው በተለየ ፍጥነት ይበላል፤ የጠፋው ቁጥር ተመልሶ ይታያል። ለተራ ገዢ አሲድ አያስፈልገውም። አኃዞቹ በእኩል ርቀትና በእኩል ጥልቀት መቀመጣቸውን፣ በዙሪያቸው የብየዳ ወይም የአዲስ ቀለም ምልክት አለመኖሩን ማየት ይችላል።

የሞተር ቁጥሩም የራሱን ታሪክ ይናገራል። የ500 ኢ ሞተር 119974 ብሎ ይጀምራል። የ400 ኢው 119975 ነው። 119970 ተጽፎ ከተገኘ ደግሞ ሞተሩ የመጣው ከትልቁ ኤስ ክላስ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በደንብ ሊሠራ ይችላል፤ የመጀመሪያ ሞተሩን ያልያዘ መሆኑን ግን ገዢው አውቆ መክፈል አለበት።

የትውልድ ካርዱ

መርሴዲስ ለእያንዳንዱ መኪና የመረጃ ካርድ ያዘጋጃል። ካርዱ ላይ የሻንሲ፣ የሞተርና የካምቢዮ ቁጥር፣ የቀለምና የወንበር ልብስ መለያ፣ እንዲሁም ገዢው በተለይ ያዘዛቸው ነገሮች ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ ሆነው ሰፍረዋል። 040 ጥቁር ቀለም ነው፣ 199 የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ጥቁር፣ 744 ደማቅ ብርማ። ከፊት ኮፈን ስር፣ ከራዲያተሩ በላይ ያለው ሳህንም የቀለሙን ኮድ ይዟል። ካርዱ 744 እያለ መኪናው ጥቁር ሆኖ ከቆመ፣ በሮቹ ሲከፈቱ በማጠፊያው አካባቢ ብርማው ቀለም ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ከኮዶቹ ሁሉ 260 ለዚህ ጽሑፍ ልዩ ትርጉም አለው። ከኋላ ኮፈን ላይ የሞዴሉ ጽሑፍ እንዳይለጠፍ የሚያዝ ኮድ ነው። ፈጣን መኪናቸውን ከዓይን መሰወር የሚፈልጉ ገዢዎች ነበሩ፤ ፋብሪካውም ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ባዶውን ይሸጥላቸው ነበር። እንግዲህ ጽሑፉ ያለበት መኪና ሐሰተኛ፣ ጽሑፍ የሌለበት ደግሞ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ለማንነት ማስረጃ ከሚሆኑት ሁሉ ደካማዋ ያች ጽሑፍ ናት።

ካርዱ የማይነግረውን ትናንሽ ክፍሎች ይናገራሉ። የእያንዳንዱ መስታወት ጥግ የተመረተበትን ዓመት የሚጠቁም ምልክት አለው። የደኅንነት ቀበቶው ስር የተሰፋው ጨርቅ ቀን ይዟል። የሁሉም መስታወት ዓመት አንድ ሆኖ የአንዱ ብቻ ከተለየ፣ በዚያ በኩል አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ ደግሞ ግጭትን ያጋልጣል። መሣሪያው በማግኔት ጉልበት በራሱና በብረቱ መካከል ያለውን ርቀት ይለካል። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በተመሳሳይ በር ላይ አንዱ ቦታ 120፣ ሌላው 900 ካሳየ ከቀለሙ ስር ስቱኮ አለ።

ከገዙት በኋላ

እውነተኛውን ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ መያዙ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው መኪና ትልቁ ጠላት ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሙቀትና ጊዜ ነው፤ ብረቱ ከሚያልቅ ፕላስቲኩና ጎማው ቀድሞ ያልቃል።

የታወቀው ችግር የሞተሩ ሽቦ ነው። ከ1992 አካባቢ እስከ 1995 በተሠሩ ብዙ መርሴዲሶች የሞተር ሽቦዎች ልባስ፣ መኪናው ዘመኑን ጨርሶ ሲጣል አካባቢን እንዳይበክል በቀላሉ እንዲበሰብስ ታስቦ የተመረጠ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ልባሱ ግን መኪናው እስኪጣል አልጠበቀም። ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ እንደ ገለባ ይረግፋል። ራቁቱን የቀረው መዳብ ከጎረቤቱ ጋር ሲነካካ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ኃይል ያጣል፤ ሲከፋም ውዱ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ይቃጠላል። የማፍጠኛውን ትእዛዝ በኤሌክትሪክ የሚያስፈጽመው ክፍል ሽቦም በዚሁ በሽታ ይጠቃል። መኪናውን ሊገዙ ሲሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ሽቦ በቀስታ ያጥፉት፤ ከተሰነጠቀ ዋጋው ላይ መደራደሪያ አግኝተዋል። በሽቦው ጥቅል ላይ ያለችው ትንሽ ምልክት የተመረተበትን ቀን ትነግራለች፤ ከመኪናው በብዙ ዓመት የዘገየች ከሆነ ሽቦው በአዲስ ተለውጧል፣ ያም መልካም ዜና ነው።

ሁለተኛው የኋላው ሰስፔንሽን ነው። 500 ኢ ጭኖም ባዶውንም ቁመቱን የሚጠብቅ የዘይትና የጋዝ ሰስፔንሽን ከኋላ አለው። ዘይት አይጨመቅም፤ የሚለጠጠውና የሚጨመቀው በትንንሽ የብረት ኳሶች ውስጥ ከጎማ ሽፋን ጀርባ የታሸገው ናይትሮጅን ነው። ጋዙ በሽፋኑ ውስጥ አልፎ በዓመታት ብዛት ቀስ በቀስ ያመልጣል። ጋዙ ሲያልቅ የሚለጠጥ ነገር አይኖርም፣ መኪናው በዘይት ምሰሶ ላይ የቆመ ያህል ይደነድናል። በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ጀርባው የሚመታ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ኳስ ነው፤ ዋጋውም ሻጩ ከሚያስፈራራው ያነሰ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንይ። ከሞተሩ አናት ጠዋት ሲነሣ ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ከመጣ፣ ለካምሻፍቱ ዘይት የሚያከፋፍሉት ቱቦዎች የፕላስቲክ ማያያዣ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከታየ ቀላል ነው፣ ከተረሳ ካምሻፍቱን ይበላል። ሰንሰለቱን የሚመሩት ፕላስቲኮችም ከዕድሜ ብዛት ይሰበራሉ፤ ካልተለወጡ ሞተሩን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። የአየር ማቀዝቀዣው ትነት ክፍል ከፈሰሰ ክፍሉ ራሱ ውድ ላይሆን ይችላል፣ ግን እሱን ለማግኘት ክሩስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውኃ ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ የ250 ፍጥነት መኪና በፈላ ፍሬን መቆም አይችልም። ዝገት ሲፈልጉ ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎችና በጎን ካለው የፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ ይመልከቱ። ጎማው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራል፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ያረጀ ጎማ በፍጥነት ጎዳና ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ክፍሎቹ ከተራው ደብሊው 124 ጋር ብዙ ይጋራሉ፣ ይህም እፎይታ ነው። ልዩ የሆኑት ግን፣ በተለይ ፓራፋንጎዎቹና ፓራውልቱ፣ እንደ ልብ አይገኙም። ስለዚህ ቀለሙ ያለፈበትና አካሉ ጤነኛ የሆነ መኪና ቀለሙ ከሚያበራና ፓራፋንጎው በስቱኮ ከተሞላ ይሻላል።

ለማን ይመቻል?

ጀርመን ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ የምሥራች አለ። እዚያ ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና በመልካም ሁኔታ ከተጠበቀ የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ያገኛል፤ ከ1995 ወዲህ ሠላሳ ዓመት ስላለፈ ከፋብሪካው የወጡት 10,479ቱ በሙሉ ዕድሜያቸው ለዚህ ደርሷል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያሉትም አይቸገሩም፤ የአሜሪካ ሕግ 25 ዓመት ያለፈውን መኪና ከዘመኑ የደኅንነት መስፈርት ነፃ አድርጎ እንዲገባ ይፈቅዳል። ከዚህም በላይ መኪናው ከ1992 እስከ 1994 እዚያው በይፋ ተሽጧል።

ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ወሰነ። አገር ቤት ላለ አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ የሚተርፈው መኪናው ሳይሆን ዘዴው ነው። ዘዴው ለማንኛውም ያገለገለ መኪና ይሠራል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ራስዎ ከብረቱ ላይ ያንብቡ፤ ከወረቀት አይቅዱ። ከሊብሬው፣ ከመረጃ ካርዱና ከሞተሩ ጋር ያመሳክሩት። ቀጥሎ ቁጥሩ የሚለውን መኪና ብረቱ ላይ ይፈልጉ፤ ፓራፋንጎው፣ ወንበሩ፣ ባትሪው ያሉበት ቦታ ከቁጥሩ ጋር ይስማማ። ከዚያ ዕድሜውን ከመስታወቱ፣ ከቀበቶውና ከሽቦው ቀን ይጠይቁ። ሦስቱ ከተስማሙ ስለ ዋጋ ይነጋገሩ። ሳይስማሙ ቀርተው ሻጩ «ጽሑፉን አያዩትም እንዴ?» ካለዎት አመስግነው ይሂዱ፤ የሚያሳይዎት ከመኪናው ሁሉ በቀላሉ የሚለወጠውን ነገር ነው።